ባሕር የማያስፈልገው የወንዝ ሸርጣን

በእኛ አካባቢ "ሸርጣን" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የኮከብ ቆጠራው ነው። ከ12ቱ ኮከቦች ከገውዝ ቀጥሎ፣ ከአሰድ በፊት ይቆጠራል። እንስሳው ግን ወንዝ ዳር ድንጋይ ሲገለበጥ ወደ ጎን ሮጦ የሚደበቀው ነው። ስለ ዓይነቱና ለየት ስላለው ጠባዩ ባጭሩ እንመልከት።

ጠቅላላ ባሕርይ

ሸርጣን እንደ ነፍሳት ሁሉ የአርትሮፖዳ ወገን ነው። አጥንት የለውም፤ ገላውን የሚይዝለት የውጭ ቅርፊቱ ነው። ከ10 እግሮቹ የፊተኞቹ 2 መቆንጠጫዎች ናቸው። ቅርፊቱ አብሮት ስለማያድግ በየጊዜው ያወልቀዋል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስም ይደበቃል። ጠላት እግሩን ከያዘው ጥሎለት ያመልጣል። እግሩም ቅርፊት ሲቀይር እንደገና ይበቅልለታል።

የባሕር ሸርጣኖች

የጃፓኑ ሸረሪት መሰል ሸርጣን እግሮቹን ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ከ3 ሜትር ይበልጣል። አተር የምታክል፣ በሌላ እንስሳ ቅርፊት ውስጥ ተጠግታ የምትኖርም አለች። በሕንድ ውቅያኖስ የክሪስማስ ደሴት ቀይ ሸርጣን ኑሮው ጫካ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ግን የግድ ወደ ባሕር ይወርዳል። ለምን ቢባል፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ሸርጣን ሳይሆን በባሕር ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ ስለሆነ ነው።

የወንዝ ሸርጣን

በዓለም ላይ ከ1,300 በላይ የጨው አልባ ውሃ ሸርጣን ዝርያዎች አሉ። የአገራችን ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን ናቸው። እነዚህ ተንሳፋፊ እጭ የላቸውም። እናቲቱ ጥቂት ትላልቅ እንቁላሎችን ሆዷ ሥር ታቅፋ ትቆያለች፤ የሚፈለፈሉትም እሷኑ የሚመስሉ ትናንሽ ሸርጣኖች ናቸው። ከተፈለፈሉ በኋላም ለጊዜው እዚያው ሆዷ ሥር ይዛቸው ትዞራለች።

ባሕር ሳያስፈልገው ደጋ ላይ መኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳት ግን አለው። የባሕር ሸርጣን ከአንድ ዳርቻ ቢጠፋ ከሌላ ቦታ በማዕበል የመጣ እጭ ሊተካው ይችላል። ከጉና ወደ ጣና የሚወርዱትን የርብንና የጉማራን ሸርጣን ግን እንዲህ የሚተካው የለም።

ጥቅሙና አደጋው

ሸርጣን የወደቀ ቅጠልና የሞተ እንስሳ እየበላ ወንዙን ያጸዳል፤ ራሱም የወፍና የዓሣ ምግብ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1950 ኬንያ ውስጥ እንደታወቀው፣ የወንዝ ዳር ዕውርነት የሚያስተላልፍ አንድ የጥቁር ዝንብ ዓይነት እጮቹ የሚያድጉት በሸርጣን ገላ ላይ ተጣብቀው ነው። ይህ የሁሉም ጥቁር ዝንብ ጠባይ አይደለም።

አንዱ ስጋት ፀረ ተባይ ነው። ሸርጣን የነፍሳት ዘመድ ስለሆነ ነፍሳትን የሚገድል መድኃኒት እሱንም ይጎዳል። ስለዚህ በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚረጭ ገበሬ ዕቃውን ወንዝ ውስጥ እንዳያጥብ መምከር የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። ለመስክ ሥራ ስንወርድም የገለበጥነውን ድንጋይ ወደ ቦታው እንመልስ። ሆዱ ላይ የታጠፈው ክፍል ሰፊ ከሆነ ሴት ናት፣ ጠባብ ከሆነ ወንድ ነው። እንቁላል ወይም ልጆች የታቀፈችውን ሳንነካት እንለፍ፤ እሷን ወሰድን ማለት ልጆቿንም ወሰድን ማለት ነውና።