ከሰርግ በፊት ቦቶክስና ፊለር ላሰባችሁ፦ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

 

ህዳር ገብቶ የድሬ ፀሐይ ረገብ ስትል ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ዶክተር፣ ሰርጌ ጥር ላይ ነው፣ ከንፈሬን መቼ ላስሞላ?» «ዶክተር፣ ቦቶክስ በብርድ ጊዜ ይሻላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ዛሬ ስለዚሁ እናወራለን። መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለታሪኳ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ቤተሰቦቿ ሐርላ ናቸው፣ እሷ ሳቢያን ተከራይታ ትኖራለች። ኒካዋ ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሳሎን ገብታ ከንፈሯን ተወጋች። ማታ 2 ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ዶክተር፣ ከንፈሬ አብጧል፣ በጣም ያመኛል፣ ኖርማል ነው?» ተረኛ ነበርኩ፣ ኮሪደሩ በታካሚ ሞልቷል። ምን ተወጋሽ፣ ቀለሙ ምን ይመስላል ብዬ ሳልጠይቅ «ያብጣል፣ በረዶ ያዢበት» ብዬ መለስኩላት።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ይዘዋት መጡ። የላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል ጠቁሯል፣ ውሃ ቋጥሯል፤ ጥቁረቱ ወደ አፍንጫዋ ሥር ወጥቷል። ፊለሩ የደም ሥር ዘግቶ ነበር። የሚያሟሟው መድኃኒት እኛ ጋ አልነበረም። አዲስ አበባ ደርሳ እስክታገኘው ድረስ የሞተው ሥጋ ሞቷል። ኒካው ተራዘመ። እናቷ አልተቆጡኝም፣ «አይ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱም በረዶ የደም ሥርን ያጠባል፤ የደም ሥር ለተዘጋበት ሰው ትእዛዙ ተቃራኒው ነው።

እሺ፣ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ።

ቦቶክስና ፊለር አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ቦቱሊነም ከሚባል የባክቴሪያ መርዝ በጣም በጥቂቱ ተመጥኖ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ጡንቻን ለጊዜው ያዝላል፣ ስለዚህ ግንባር አይኮማተርም። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን ሕመም ነው፣ በቅንድብ መሀል ላለው መጨማደድ የተፈቀደው በ2002 ነው። ከ3–7 ቀን ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ሙሉ ውጤቱ በ2 ሳምንት ይታያል፣ ከ3–4 ወር ይቆያል። ፊለር ደግሞ ጡንቻን አይነካም፤ የጎደለ ቦታ የሚሞላ ጄል ነው። በብዛት የሚሠራው ከሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ ከ6 ወር እስከ ዓመት ተኩል ሊቆይ ይችላል። የዚህኛው ጥሩ ነገር ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት መሟሟቱ ነው። ሲሊኮን ወይም ስሙ የማይታወቅ ዘይት ከሆነ ግን የሚያሟሟው የለም።

«በክረምት አድርጉ» የሚለው ምክር የፈረንጅ ነው። የእነሱ ዊንተር ማለት የእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። «ክረምት» ተብሎ ሲተረጎም ሐምሌ ላይ ቀጠሮ የያዙ ሰዎች አጋጥመውኛል! የድሬ ሐምሌ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አቦ። የምክሩ ምክንያት ቀላል ነው፦ ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ እብጠትና ብልዘት ይጨምራል፤ በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ የበለዘ ቦታ ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። እንደ እኔ ግን ወቅቱ ለሌዘርና ለኬሚካል ፒሊንግ ነው በጣም የሚያስፈልገው። ለመርፌ ትልቁ ጥያቄ የሚወጋው እጅ የማን ነው፣ መድኃኒቱ ከየት መጣ፣ ለሰርጉ ስንት ቀን ቀረው የሚለው ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩት። ቦቶክስ ከሆነ ቢያንስ ከሰርጉ 1 ወር በፊት። 2 ሳምንት ጠብቃችሁ ታዩታላችሁ፣ ጎደለ ከተባለ ያኔ ይስተካከላል። የዓይን ቆብ ከወደቀ (ያጋጥማል) ወዲያው የሚመልሰው ነገር የለም፣ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ፊለር ከሆነ 6 ሳምንት በፊት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጉ ከሆነ 2 ወይም 3 ወር በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል። ሰርጉ ሳምንት ከቀረው? አታድርጉት። ሂናው፣ ሜካፑ፣ ሻሹ ይበቃል። ነፍሰ ጡር የሆነችና የምታጠባ ሴት ጨርሶ አትወጋም። ከንፈሯ ላይ ምች ያለባት እስኪድን ትጠብቅ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ።

ለእኛ ከተማ ልዩ የሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ሙቀቱ ነው። ያልተከፈተ የቦቶክስ ብልቃጥ ከ2–8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። በሰው ሻንጣ ተጭኖ፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ተቀምጦ የመጣ ብልቃጥ ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለተኛው ትኩሳት ነው። ደንጌ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 ከተማችንን እንዴት እንዳመሳት የማያስታውስ የለም። ደንጌ የደም ፕላትሌትን ያወርዳል፣ ያን ጊዜ መወጋት ደም መፍሰስና ብልዘት መጋበዝ ነው። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ቀጠሮው ይሰረዝ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም አትውሰዱ፣ ምርመራ አድርጉ።

የውሸት ምርት የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ጤና ተቋማት በሐሰተኛ ቦቶክስ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ሰዎች እንዳሉ አስጠንቅቀዋል። ከቦቶክስ በኋላ ብዥ ማለት፣ መዋጥ ማቃት፣ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ብልቃጡ ፊታችሁ ይከፈት፣ ስሙንና የባች ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውሉ። ያለ መርፌ በግፊት ፊለር የሚያስገባው ብዕር መሰሉ ዕቃ ደግሞ፣ ቲክቶክ ላይ የምታዩት፣ አሜሪካ በ2021 እንዳትጠቀሙት ብላለች።

ስለ ግሉታታዮን መርፌ («የሚያቀላው») ብዙ አልልም። ቆዳ ለማቅላት በደም ሥር መስጠት የተፈቀደ ሕክምና አይደለም። ብዙ ሰው የተጠቀመበት አገር ፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዋ ራሱ ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለከባድ የቆዳ መላላጥ ያጋልጣል ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ ጋ አትምጡ፣ አልወጋም።

አሁን የዚያችን ልጅ ነገር ለማንም እንዳይደገም። ከፊለር በኋላ ከእብጠቱ ጋር የማይመጣጠን ሕመም፣ ነጣ ወይም አመድማ የሆነ ቦታ፣ እንደ መረብ የተሠራ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ምልክት ካያችሁ የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ነጣቱ ላይታይ ይችላል፤ ከንፈሩን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። በጣታችሁ ተጫኑና ልቀቁ፣ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ አትጠብቁ። ማደንዘዣ ከነበረው ደግሞ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በረዶ አይደለም፣ ለብ ያለ ጨርቅ ነው። ወዲያው የወጋችሁን ሰው ጥሩ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ያለበት ቦታ ድረሱ፤ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ማየት ከጠፋ ደግሞ የደቂቃ ነው። ለዚህ ነው ከመወጋታችሁ በፊት «ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው። የለም ካለ ወይም ምንድነው ካለ፣ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የተራዘመው ኒካ ሚያዝያ ላይ ሐርላ ተደረገ፣ እኔም ተጠርቼ ነበር። የሙሽራው ወንድም ከምሳ በኋላ ቁፋሮው የተካሄደበትን ቦታ አሳየኝ። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቹ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ያገኙበት ነው፤ የጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የመስታወት ዶቃና ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃም ወጥቶበታል። ለማማር ብሎ ከሩቅ ዕቃ ማስመጣት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሙሽሪት በፎቶው ሁሉ ፊቷን ወደ ግራ ታዞር ነበር፣ ጠባሳው እንዳይታይ። ስሰናበታት ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ጠባሳውን የሚሞላ መርፌ አለ ይባላል?» አለችኝ።

አለ፣ አልኳት። ግን ጠባሳ እስኪበስል ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ ከዚያ የቆዳ ስፔሻሊስት ያያታል። ቀጠሮውን እኔው እይዝላታለሁ፣ አብሬያትም እሄዳለሁ።