ከቶ የማያልቅ ሥራ፤ ስለ ቲቮሊ መናፈሻ ጥገናና እድሳት

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን መካከል የሚገኘው ቲቮሊ የተባለው የመዝናኛ ሥፍራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 15 ቀን 1843 የተከፈተ ነው። መሥራቹ ጌኦርግ ካርስቴንሰን ከንጉሥ ክርስቲያን ስምንተኛ ፈቃድ ተቀብሎ ሥራውን የጀመረው በአሮጌው የከተማ ምሽግ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በመናፈሻው ውስጥ የሚታየው ሐይቅ የዚያው ምሽግ የውሃ ቦይ ቅሪት ነው። ቲቮሊ ከቶ ተጠናቆ የሚያልቅ ሥራ እንደማይሆን መሥራቹ ገና ከጥንቱ ተናግሮ እንደ ነበር ይተረካል።

ይህን ያህል ዕድሜ የቆጠረ ንብረት እስከ ዛሬ ገቢ የሚያስገኘው በምን ዘዴ ነው? መልሱን ለመረዳት ሁለት ሥራዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጥገና ነው፤ ይኸውም ያለውን ዕቃ ከአገልግሎት ሳይወጣ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው እድሳት ነው፤ ይኸውም ያለቀውን በአዲስ መተካት ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በ1914 የተሠራው፣ በእንጨት መንገድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጠው ባቡር ነው። በእያንዳንዱ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ተቀምጦ ይጓዛል። እንጨት ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ በዚህም ምክንያት ብሎኑ እየላላ ይሄዳል። ስለሆነም እንዲህ ያለው መንገድ ዘወትር እየታየ፣ የላላው ሊጠብቅ፣ የበሰበሰው ሳንቃም ሊለወጥ ግድ ነው። ሥራው ክፍል በክፍል ስለሚከናወን፣ መልኩ የጥንቱ እንደ ሆነ ሳለ እንጨቱ ቀስ በቀስ አዲስ ይሆናል።

ቲቮሊ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ከበጋው ወቅት ሌላ ከ1994 ጀምሮ የገና ወቅት ተጨምሮለታል፤ በወቅቶቹ መካከል ግን በሩ ይዘጋል። ከባድ ጥገና የሚመቸው በዚህ ጊዜ ነው። ዳሩ ግን የመዝጊያው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ መለዋወጫው አስቀድሞ ታዝዞ መድረስ ይኖርበታል። አንድ ጥርስ ያለው መዘውር ዘግይቶ ቢመጣ፣ የሚቀረው የመዘውሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወቅቱ ገቢ ነው። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ስሌት በሚገባ ያውቁታል።

መናፈሻው ከእርጅና የከፋ አደጋም ደርሶበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በጁን 1944፣ የናዚ ደጋፊዎች ባፈነዱት ፈንጂ የሙዚቃ አዳራሹና ሌሎች ሕንፃዎች ወደሙ። ሆኖም መናፈሻው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሕዝብ ተከፈተ፤ አዲሱ የሙዚቃ አዳራሽም በ1956 ተመረቀ። ቪልሄልም ዳሌሩፕ የነደፈው የ1874ቱ የፓንቶሚም ቲያትር ዛሬም ትርዒት ያሳያል፤ በ2004 የተተከለው የብረት ባቡርም ከአሮጌዎቹ ጨዋታዎች ጋር አብሮ ይሠራል። አዲሱ አዳዲስ ጎብኚ ይስባል፤ አሮጌው ደግሞ በልጅነቱ ያየውን ሰው ከልጆቹ ጋር ይመልሰዋል።

ቲቮሊ አክሲዮኑ በኮፐንሃገን ገበያ የሚሸጥ ማኅበር ነው፤ ስለዚህ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ በባለአክሲዮኖች ዓይን ፊት ያልፋል። ትርፍ ባነሰበት ዓመት ጥገናን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ለማንኛውም ድርጅት የሚያጓጓ ነገር ነው። ነገር ግን የተላለፈ ወጪ የቀረ ወጪ አይደለም። ቀለም ያልተቀባ ብረት ይዝጋል፤ የዛገው ብረት ይለወጣል፤ ብረቱን ለመለወጥም ሥራ ይቆማል። በቀለም ቆርቆሮ ሊድን ይችል የነበረው ነገር የወር ገቢ ያስወጣል።

የሱቅ ጣራ፣ የመጋዘን በር፣ ሚዛንና የጭነት መኪናም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በየዓመቱ ከገቢው ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀመጠ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራትም ያስጠገነ ነጋዴ፣ ገበያው ሲደራ በሩ ክፍት ሆኖ ይገኛል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ለንግድ ቤትም የሚስማማ ምክር ነው።