ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የምትበረታዋ ቪክቶሪያ ምቦኮ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው የካናዳ ኦፕን የሜዳ ቴኒስ ውድድር ቪክቶሪያ ምቦኮ ዋንጫውን ያነሳችው ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ ዙር ሽንፈት ተመልሳ ነው። በሦስተኛው ግጥሚያዋ ማሪ ቡዝኮቫ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 ወሰደችባት። በግማሽ ፍጻሜው ኤሌና ሪባኪናም እንዲሁ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 አሸነፈቻት። በፍጻሜው ናኦሚ ኦሳካ 6 ለ 2 መራቻት። ሦስቱም ግጥሚያዎች በምቦኮ ድል ተጠናቀቁ። ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ በዓለም 85ኛ ደረጃ ላይ ስለነበረች ወደ ውድድሩ የገባችውም በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ ነው።

ወላጆቿ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ የተሰደዱ ናቸው። እሷ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት ከተማ ውስጥ በ2006 ተወልዳ በካናዳ አደገች። ለቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ናት። ታላላቆቿ ቴኒስ ይጫወቱ ስለነበር ራኬት የጨበጠችው እነሱን ተከትላ ነው። አሰልጣኟ ናታሊ ቶዝያ በ1998 ለዊምብልደን ፍጻሜ የደረሰች ፈረንሳዊት ናት።

2025ን የጀመረችው ከ300ኛ ደረጃ በታች ሆና ነበር። በትናንሽ ውድድሮች ላይ 22 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈች። በሜይ ሮም ላይ ከኮኮ ጎፍ ጋር ተገናኝታ የመጀመሪያውን ዙር ብታሸንፍም ቀሪዎቹን ሁለቱን ተረታች። በሮላን ጋሮስ ከማጣሪያው ተነስታ ሁለት ግጥሚያ አሸነፈች። በኦገስት ሞንትሪያል ላይ ያቺኑ ጎፍን፣ የሮላን ጋሮስ ዋንጫን ገና በጁን ያነሳችውን፣ 6 ለ 1 እና 6 ለ 4 አሸንፋ ከውድድሩ አስወጣቻት። ከሮም እስከ ሞንትሪያል ያለው ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም።

የአጨዋወቷን ምስጢር ለመረዳት የቴኒስን አቆጣጠር ማስታወስ ያስፈልጋል። እንደ እግር ኳስ ሰዓቱ አልቆ ፊሽካ የሚነፋበት ጊዜ የለም። አንድ ዙር በሰፊ ውጤት የተሸነፈ ተጫዋች ቀጣዩን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ 6 ለ 1 መሸነፍና 7 ለ 6 መሸነፍ በሒሳቡ አንድ ናቸው። ይህን ሁሉም ተጫዋች ያውቀዋል። አብዛኞቹ ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ወይ ይቸኩላሉ፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ምቦኮ ሁለቱንም አታደርግም። ፊቷ አይለዋወጥም፤ ራኬት አትወረውርም፤ ነጥብ ካለቀ በኋላ ጀርባዋን አዙራ ወደ ቦታዋ በዝግታ ትመለሳለች። ይህ መረጋጋት ከማንኛውም ምቷ በላይ ትልቁ መሣሪያዋ ይመስለኛል።

ምቶቿም ቀላል አይደሉም። በሁለት እጅ የምትመታው ባክሃንዷ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ትከሻዋን አስቀድማ ስለምታዞር ኳሱን በመስመሩ ትይዩም ሆነ በሰያፍ መላክ ትችላለች፤ ተጋጣሚዋም የትኛው እንደሚመጣ ቀድማ ለማወቅ ትቸገራለች። ሰርቯ ኃይለኛ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እግሮቿ ፈጣኖች ናቸው፦ ያለቀለት የሚመስለውን ኳስ ደርሳ ትመልሳለች፤ በኃይል የምትመታዋ ተጋጣሚ አንድ ተጨማሪ ምት፣ ከዚያም ሌላ አንድ እንድትመታ ትገደዳለች። ስህተቱ የሚመጣው ያኔ ነው።

የሪባኪናው ግማሽ ፍጻሜ ለዚህ ማስረጃ ነው። የ2022 የዊምብልደን ሻምፒዮኗ በመጀመሪያው ዙር ቀጥተኛና ፈጣን ምቶቿን እንደልቧ አዘነበችው። ምቦኮ ሁለተኛውን 7 ለ 5 ነጠቀች። በሦስተኛው ዙር ወድቃ የእጇን አንጓ ጎዳች፤ ሪባኪና ግጥሚያውን ለመዝጋት አንድ ነጥብ ብቻ የቀራት ጊዜም ነበር። ያን ነጥብ ምቦኮ አዳነች፣ ዙሩንም በታይብሬክ 7 ለ 6 ጨረሰች። በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ኦሳካን 2 ለ 6፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 1 አሸነፈች። በአንድ ውድድር ኬኒንን፣ ጎፍን፣ ሪባኪናንና ኦሳካን፣ ማለትም አራት የግራንድ ስላም አሸናፊዎችን ረትታለች። ደረጃዋም ወደ 24ኛ ዘለለ።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። በዩኤስ ኦፕን በመጀመሪያው ግጥሚያ በባርቦራ ክሬይቺኮቫ ተሸንፋ ተሰናበተች፤ በእስያ ጉዞዋ መጀመሪያም ሽንፈት ተደራረበባት። በኖቬምበር መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ላይ ክሪስቲና ቡክሻን በሦስት ዙር አሸንፋ ሁለተኛውን ትልቅ ዋንጫዋን ወሰደች፤ ዓመቱንም በ18ኛ ደረጃ ዘጋች።

የሚቀራት ሥራ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ሰርቯ በጫና ውስጥ ይዋዥቃል፤ በሞንትሪያሉ ፍጻሜ እንኳ ሁለቱንም ሰርቭ እየሳተች ነጥብ በነጻ የሰጠችባቸው ጊዜያት ብዙ ነበሩ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መነሳት ድንቅ ችሎታ ቢሆንም፣ ሁለት ሳምንት በሚፈጅ ግራንድ ስላም ላይ በየግጥሚያው ሦስት ዙር መጫወት ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ በቀጣይ ጨዋታዎቿ መታየት ያለበት የመጀመሪያዎቹን አራት ጌሞች እንዴት እንደምትከፍታቸው ነው።