ድንጋይ ያድጋልን?

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በሐላባና በሾኔ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ ሰው፥ ሶዶ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ቦዲቲን ያገኛል። ከፊቱ በስተቀኝ የዳሞታ ተራራ ይታያል፤ ከግሩ ሥር ያለው መሬት ሁሉ ቀይ ነው።

በቅርቡ ለጉዳይ ወደዚያ ወርጄ ሳለ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰውየው ከቀዩ አፈር ብቅ ያለ ድንጋይ በበትራቸው እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ። ይኸ ድንጋይ በልጅነቴ እዚህ አልነበረም፤ ከዓመት ዓመት እያደገ በሬዎቼን አስቸገረ። ድንጋይ ያድጋልን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያድግም፥ አባቴ» አልኋቸው ፈጠን ብዬ።

«ታዲያ ማን አመጣው?»

መልስ አጣሁ። ዲግሪዬን ከተቀበልሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አልረዳኝም። አዲስ አበባ ስመለስ መጽሐፍ ማገላበጥ ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳሞታ ዛሬ ጸጥ ያለ ተራራ ይምሰል እንጂ፥ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ነበረ። የተፋው ቀልጦ የነበረ ድንጋይ ቀዝቅዞ ጠነከረ፤ ከዚያ በኋላ የዝናብ ተራ ሆነ። ዝናብ ከአየርና ከበሰበሰ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ምድር ሲሰርግ ጥቂት ይኮመጥጣል። ይኸው ኮምጣጣ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። በድንጋዩ ያለው ብረትም እንደ አሮጌ ማጭድ ይዝጋል። እንግዲህ የወላይታ አፈር የቀላው በዝገት ነው ማለት ነው።

ድንጋዩ ግን ሁሉም እኩል አይበሰብስም። ጠንካራው ክፍል እንደ ፍሬ በአፈሩ መካከል ተቀብሮ ይቀራል። በላዩ ያለው ልም አፈር በጎርፍ ሲሄድ ያ የተቀበረው ራሱን ያወጣል። ሽማግሌው ያዩት እውነት ነው፤ አደገ ያሉት ድንጋይ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዝቅ ያለው ማሳቸው ነው።

ስንት እንደሚሄድ እናስላው። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ቢጠረግ መቶ ሜትር ኩብ ነው፤ በሚዛን ከመቶ ቶን ያልፋል። ያንኑ አንድ ሴንቲሜትር መልሶ ለመሥራት ተፈጥሮ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጓታል። ቦረቦር ከሆነማ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ አንድ ክረምት ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ይከፍታል።

ከዳሞታ ምሥራቃዊ ተዳፋት የተጠረገው አፈር ብላቴ ወንዝ ይገባል፤ ብላቴም አባያ ሐይቅ ያደርሰዋል። አርባ ምንጭ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች የተመለከተ ሰው፥ ጫሞ ሲጠራ አባያ ለምን እንደ ደፈረሰና እንደ ቀላ ሳይጠይቅ አይቀርም። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ከየደጋው የወረደ የገበሬ ማሳ ነው።

ስንለያይ ሽማግሌው ከቤታቸው ጓሮ ያለውን እንሰት እያሳዩ፥ «ከዚህ ሥር ግን አይበቅልም» ብለውኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሥቄ አለፍሁ። ለካ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል የዝናቡን ምት ይቀበልለታል፤ በሬ አያርሰውም፤ እበቱንና ጉድፉን ደግሞ ባለቤቲቱ በየዕለቱ ከሥሩ ታፈስለታለች።