ፈራሚው ማን ነው?

ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ኮፈን ከፍቶ ሞተር የሚበትን «ፉንዲ» (በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ) አይጠፋም። ወረቀት የሚጠይቀው የለም፤ መኪናው ከተነሳ ሙያው ተመሰከረለት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዊልሰን ኤርፖርት ውስጥ፣ ወደ ማሳይ ማራ ቱሪስት የሚያመላልሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይጠገናሉ። እዚያስ ማን ነው ብሎን የሚፈታው?

ተረት፦ አውሮፕላን የሚነካው ፈቃድ ያለው ኢንጅነር ብቻ ነው።

እውነታ፦ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅም ጎማ ይቀይራል፣ ዘይት ያወርዳል፤ ግን ኃላፊነት ያለበት ሰው እያየው። ልጁ የማይችለው መፈረም ነው። ጥገናው ሲያልቅ «ለበረራ ብቁ ነው» የሚለው ሰነድ ላይ የሚፈርመው፣ የኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ባለሙያ ነው። («ኢንጅነር» እዚህ የፈቃድ እንጂ የዲግሪ ስም አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ያንኑ ሰው መካኒክ ይሉታል።) ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት 18 ዓመት መሙላት፣ ፈተና ማለፍና 4 ዓመት በጥገና ላይ መሥራት ነው፤ እውቅና ያለው ሥልጠና ለጨረሰ 2 ዓመት ይበቃል። ፈቃዱም ወሰን አለው፦ ትንሿ ሴስና ላይ ብቻ እንዲፈርም የተፈቀደለት ሰው ቦይንግ ላይ አይፈርምም። ባለፉት 24 ወራት ቢያንስ 6 ወር በሙያው ካልሠራም ብዕሩን ማንሳት አይገባውም።

ተረት፦ አብራሪው ሁሉን ያውቃል።

እውነታ፦ ማብረርና መጠገን ፈቃዳቸው ለየቅል ነው።

ተረት፦ ፈቃድና ልምድ ካለ ስህተት የለም።

እውነታ፦ ይሄኛው ነው አደገኛው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከበርሚንግሃም የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን 17,300 ጫማ ላይ የፊት መስታወቱ ተገንጥሎ ሄደ፤ ካፒቴኑ በክፍተቱ እስከ ወገቡ ተመዞ ወጣ። አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው አቆዩት፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈ፣ ካፒቴኑም ተረፈ። መስታወቱን ከ27 ሰዓት በፊት የቀየረው ጀማሪ አልነበረም፤ የሌሊት ፈረቃው ኃላፊ ራሱ ነበር። ብሎኖቹን የመረጠው መመሪያ አይቶ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነው፤ ከ90ው 84ቱ ቀጭን ሆነው ተገኙ። ሰው ስላነሰ ብቻውን ሠራ፤ ብቻውን ፈረመ። ወሳኝ የሚባሉ ክፍሎችን ሁለተኛ ባለሙያ ማየት ነበረበት፤ የፊት መስታወት ግን ያኔ ከእነዚያ አይቆጠርም ነበር።