የደሴቶቹ ሰይፍና የእስጳንያ እጅ

በፊሊጲንስ ደሴቶች አርኒስ ወይም ኤስክሪማ እየተባለ የሚጠራው የዱላና የስለት ፍልሚያ ጥበብ ስሙን ከእስጳንያ ቋንቋ የተዋሰ፣ ምቱንም በእስጳንያ ቁጥር የሚቆጥር ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቶቹ ግን የአባቶቻችን ርስት ነው እያሉ የሚመኩበት መሆኑ፣ ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ለሚመረምረው ግን ሁለቱም እውነት ነው።

ስለት እስጳንያውያን ይዘው የመጡት ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአፕሪል 27 ቀን 1521 ዓ.ም. የእስጳንያን መርከቦች የመራው ማጄላን በማክታን ደሴት ዳርቻ ከአለቃው ከላፑላፑ ሠራዊት ጋር በገጠመ ጊዜ፣ አብሮት የነበረው ፒጋፌታ ጽፎ እንዳቆየልን፣ የደሴቲቱ ተዋጊዎች ባዕዱ ደረቱን በብረት ለብሶ እግሩን ግን ገልጦ እንደ ተወ ስላስተዋሉ ፍላጻቸውን ወደ እግር መለሱ፤ በመጨረሻም የማጄላንን ግራ እግር በትልቅ ጎራዴ መትተው በግንባሩ ደፉት። ከጠላቱ ትጥቅ ክፍተቱን እንዲህ ፈጥኖ የሚለይ ሕዝብ ሰይፍ መምዘዝን ከማንም መማር አላሻውም ነበር።

የእስጳንያው አዛዥ ሌጋስፒ በ1565 ሴቡ ላይ ከሰፈረ፣ በ1571ም ማኒላን መናገሻ ካደረገ በኋላ ግን የእስጳንያ አገዛዝ እስከ 1898 ድረስ ቆየ። በዚህ ዘመን ገዢዎቹ መሣሪያ ስለ ከለከሉ ጥበቡ «ሞሮ ሞሮ» በሚባለው፣ ክርስቲያኖች እስላሞችን ድል ሲነሡ በሚያሳየው የመድረክ ጨዋታ ውስጥ ተሸሽጎ ኖረ የሚል ትረካ በመምህራኑ ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። ትረካው ያማረ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ያው መንግሥት በደቡብ ካሉት፣ ሙሉ በሙሉ ካልተገዙለት ሞሮ ከሚባሉት እስላሞች ሱልጣኖች ጋር ሲዋጋ የአገሬውን ሰው፣ በተለይም የፓምፓንጋን ተወላጆች፣ በወታደርነት አሰልፏል፤ ካህናቱና መነኮሳቱም በባሕር ዳር ያሉ መንደሮች ቅጥርና የመጠበቂያ ግንብ እንዲሠሩ አድርገዋል። የሁለቱ ወገኖች እጅ በሰይፍ ላይ የተገናኘው ከመድረኩ ይልቅ በዚህ በሰፈሩና በግንቡ ይመስለኛል።

የዚህ ግንኙነት ፍሬ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው «ኤስፓዳ ኢ ዳጋ» በሚባለው ክፍል ነው፤ ይኸውም በቀኝ እጅ ረጅም ሰይፍ፣ በግራ ደግሞ አጭር ጩቤ ይዞ የመፋለም ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሰይፈኞች ዘንድ የተለመደ ነበር። ረጅሙ ሲመታ አጭሩ የባላጋራውን ክንድ ይጠብቃል፤ ረጅሙ ሲመክት አጭሩ ገብቶ ይወጋል። ደቀ መዝሙሩ ጩቤውን ቢያስቀምጥ እንኳ ባዶው ግራ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ዱላው ምቱን በተቀበለ ቅጽበት የባላጋራውን አንጓ ይዞ ያቆማል፣ ወይም ገፍቶ ያሳልፋል። የዚህን ጥበብ አዋቂ ከጀማሪው ለመለየት የሚሻ ሰው የሚመታውን ቀኝ እጅ ትቶ ይህን ግራ እጅ ይመልከት።

ምቶቹም በየትምህርት ቤቱ ቢለያዩም ብዙዎች ዐሥራ ሁለት አድርገው ይቆጥሯቸዋል። በአንዱ ታዋቂ ሥርዓት አንደኛው በባላጋራው ግራ ጆሮ ግንድ፣ ሁለተኛው በቀኙ ላይ ያርፋል፤ አምስተኛው ወደ ሆድ የሚወጋ ነው፤ ዐሥረኛውና ዐሥራ አንደኛው ዓይንን ይሻሉ፤ ዐሥራ ሁለተኛው ከላይ በአናት ይወርዳል። በዚህ ቁጥር የተማረ ሰው በእጁ ያለው ራታን ከሚባለው የጫካ ሐረግ የተቆረጠ ዱላ ቢሆን፣ ቦሎ የሚባለው የገበሬ ቆንጨራ ቢሆን፣ መንገዱ አንድ ነው። ቦሎው ገበሬው ቁጥቋጦ ሲመነጥርበት ውሎ፣ በ1896 በእስጳንያ ላይ ለተነሣው የካቲፑናን ማኅበር ዋና መሣሪያ ሆኗል።

በስለቶቹ ቅርጽ ላይ ግን የእስጳንያ ጥላ እኩል አልወደቀም። በሰሜንና በመካከለኛው ደሴቶች አንዳንድ ሰይፎች ጣትን የሚጋርድ የናስ ወይም የብረት መከላከያ እንደ አውሮፓ ሰይፍ ተበጅቶላቸዋል። በደቡብ ግን ካምፒላን የሚባለው ሰይፍ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ረጅም ስለቱን፣ አፉን የከፈተ አውሬ የሚመስል እጀታውንም እንደ ያዘ፣ ክሪስ የሚባለውም እባብ የሚመስል ጥምዝምዙን ሳይለቅ ኖረ።

በ1932 በሴቡ ከተማ የተመሠረተው ስመ ጥሩ ማኅበር «ዶሴ ፓሬስ» ተብሎ የተሰየመው በንጉሡ በሻርለማኝ ዐሥራ ሁለት መሳፍንት ስም ሲሆን፣ እስጳንያ ከወጣች ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ የደሴቶቹ ሰይፈኞች ስማቸውን ከአውሮፓ የጀግንነት ተረት መምረጣቸው፣ የወረሱትን እንደ ባዕድ እንዳላዩት ያስረዳል። የፊሊጲንስ መንግሥትም በ2009 በሪፐብሊክ ሕግ ቁጥር 9850 አርኒስን የአገሪቱ ብሔራዊ የፍልሚያ ጥበብና ስፖርት አድርጎ ያወጀ ሲሆን፣ በየዓመቱ በሚደረገው የተማሪዎች ብሔራዊ ውድድር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከናወነው ግጥሚያ አርኒስ እንዲሆን በዚያው ሕግ ተደንግጓል።