ቀበቶውስ ታጥቋል፤ ገመዱ የት ታስሯል?

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ በእግር ወደ ሃያ ሁለት ወይም ወደ መገናኛ ስትሄዱ እስቲ አንድ ጊዜ ቀና በሉ። አንዱ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀለም ይቀባል። ሌላው መስታወት ይወለውላል። ሦስተኛው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰቅላል። ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት ስትዘልቁ ደግሞ የባህር ዛፍ አጣና ተጠላልፎ ሰማይ ሊነካ ይደርሳል፤ ከላዩ የእናንተ እኩያ የሆነ ወጣት ቆሞበታል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመርማ ከቦሌ እስከ መገናኛ መንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎች ቀለም ሲቀየር ሥራው ሁሉ ሽቅብ ነበር።

ታዲያ ቀና ስትሉ ከፍታውን ብቻ አትዩ፤ ወገባቸውንም እዩ። አንዱ ቀበቶ የሚባል ነገር አልታጠቀም። ሌላው ታጥቋል፤ ግን መንጠቆው የትም አልተያያዘም፣ እንደ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ያሰረም አይጠፋም፤ ያሰረው ግን ያንኑ የቆመበትን አጣና ላይ ነው። አጣናው ከሄደ እሱም ከነቀበቶው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቀበቶ ለፎርማኑ ዓይን እንጂ ለባለቤቱ ነፍስ አይጠቅምም።

አንድ ሰከንድ ብቻ

ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይወስድበታል። 5 ሜትር ማለት እኮ የጂ ፕላስ ዋን ቤት ጣራ እንኳ አይሞላም! መሬቱን ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ10 ሜትር ከሆነ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ አጣና ልያዝ፣ ገመድ ልጨብጥ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ጩኸቱ ራሱ የሚሰማው ከወደቁ በኋላ ነው።

“እኔ እኮ ልምድ አለኝ” የሚል አይጠፋም። የመሬት ስበት የሥራ ልምድ ማስረጃ አይጠይቅም። “የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት” የሚልም አለ። ለመውደቅ አምስት ደቂቃ ሙሉ አያስፈልግም፤ ከላይ እንዳልነው አንዷ ሰከንድ ትበቃለች።

ዛፍ የሚወጡት ያወቁት ነገር

ስለ ከፍታ ለመማር ግንባታ ቦታ ብቻ መሄድ አያስፈልግም። በከፋና በሸካ ደን ውስጥ ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ንብ አናቢዎች አሉ። በገመድ ይወጣሉ፤ ቀፎውን ግን ተሸክመው አይወጡም። መጀመሪያ ራሳቸው ይወጡና ቀፎውን በገመድ ይጎትቱታል። በአሜሪካም ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ሆነው አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ጠመንጃህን ይዘህ አትውጣ፣ ከወጣህ በኋላ ጥይት ያልጎረሰውን መሣሪያ በገመድ ሳበው ይባላሉ። ደግሞም ቀበቶውን የሚያያይዙት ላይ ደርሰው አይደለም። እግራቸው ከመሬት ሲነሳ ጀምሮ ተመልሰው እስኪወርዱ ድረስ ከገመዱ አይላቀቁም። ብዙው ሰው የሚወድቀው ሲወጣና ሲወርድ፣ ከመሰላል ወደ መቀመጫው ሲሸጋገር መሆኑን ያውቁታልና።

የእኛ የቦሌ ልጅ ታዲያ ምን ያደርጋል? በአንድ እጁ የቀለም ባልዲ አንጠልጥሎ በሌላው መሰላል ይጨብጣል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል ቀለሙ ቢፈስ እንኳ ይለቀማል፤ ሰው ሲፈስ ግን የሚለቅመው የለም። ባልዲውን በገመድ ሳቡት። መሰላል ላይ ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ይያያዝ።

ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ

አንደኛ፣ ቀበቶው ራሱ። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ የወደቀን ሰው ለመያዝ አይሆንም። የመውደቁ ኃይል በሙሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ያርፋል። አሜሪካ ይህን የወገብ ቀበቶ መውደቅን ለማስቆሚያነት ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ ከልክላለች። የሚያስፈልገው ትከሻንም ጭንንም የሚይዘው፣ ገመዱ ከጀርባ በኩል የሚያያዝበት ሀርነስ የሚባለው ነው።

ሁለተኛ፣ ፍተሻው። ጠፍሩን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እጠፉት፤ ስንጥቅ፣ የተቃጠለ ቦታ፣ የተበጠሰ ክር ካለ እጥፋቱ ላይ ብቅ ይላል። ስፌቱን አንድ በአንድ እዩ። ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ፣ ቀለም ወይም አሲድ የነካው ከሆነ አትመኑት። የብረት ቀለበቱና ዘለበቱ እንዳልዛጉ፣ እንዳልተጣመሙ ተመልከቱ። መንጠቆው ሲለቁት በራሱ ክችም ማለት አለበት፤ በጣት እየተገፋ የሚዘጋ መንጠቆ መንጠቆ አይደለም። አንድ ጊዜ ሰው ወድቆ የያዘ ቀበቶ ደግሞ ውለታው ተከፍሏል፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። ያገለገለ ቀበቶ በርካሽ ሲቀርብላችሁ የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከዚህ በፊት ማንን ይዟል? መልስ ከሌለ አትግዙ።

ሦስተኛ፣ ማሰሪያው። ገመዱን ከራሳችሁ በላይ ባለ፣ ከቆማችሁበት አጣና ጋር ግንኙነት በሌለው ጠንካራ ነገር ላይ እሰሩት፤ የሕንጻው ኮለን ወይም ቢም ቢሆን ይመረጣል። የውሃ ቱቦ፣ የመስኮት ፍሬምና የበረንዳ መደገፊያ ሰው አይሸከሙም። ርዝመቱንም አስሉ። 2 ሜትር ገመድ እግር ሥር ከታሰረ፣ ገመዱ ሲወጠር፣ ንጥቂያውን የሚያበርደው ጥቅል ሲተረተርና የሰውየው ቁመት ሲጨመር ከሥር 6 ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ገመዱ ከመያዙ በፊት መሬቱ ይቀድማል።

አራተኛ፣ መቆሚያው። አጣናው የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ እንዳይሆን፣ ማሰሪያው ሽቦና ሚስማሩ እንዳልላላ እዩ። በክረምት ዝናብ ካደረ በኋላ የአጣናው እግር የቆመበት አፈር ይሰምጣል፤ ከሥሩ ጣውላ አስገቡ። መሰላል ከሆነ 4 ሜትር ለሚወጣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ጫፉም ከሚያርፍበት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

አምስተኛ፣ መብራት። በከተማችን በየመንገዱ ዳር የሚያልፈው 15 ኪሎ ቮልት መስመር ከአንዳንድ ሕንጻ በረንዳ ብዙ አይርቅም። የብረት መሰላል ወይም ረጅም ፌሮ ይዞ በአጠገቡ መዞር ከመውደቅም በፊት ያስቀራል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያዝዛል። ቀበቶ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም፣ በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይጠየቃል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ እምቢ ብሎ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ወጥቶ የተጎዳ ሰው ካሣውን ሊያጣ ይችላል። ተሰጥቶት ሳይታጠቅ የወጣ ልጅ እንግዲህ በሁለት በኩል ይወድቃል ማለት ነው። ሌላው፣ ሥራውን በራሳችሁ ኃላፊነት በእጅ ዋጋ ተዋውላችሁ ከያዛችሁ በዚህ አዋጅ እንደ ሠራተኛ ላትታዩ ትችላላችሁ። ያኔ ለቀበቶው አሳቢ እናንተው ናችሁ፤ ዋጋ ስትደራደሩ የቀበቶውንም አብራችሁ ደምሩ።

አደገኛ ነገር ስታዩ ለአሠሪው ንገሩ፤ ሰው ባለበት ብትናገሩት ደግሞ ይሻላል። ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት በተሰጠው ጊዜ ያላስተካከለ አሠሪ ዘንድ ያለ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። የዕለት እንጀራ ነገር ስለሆነ “እምቢ” ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ብቻህን ስትናገር አስቸጋሪ ትባል ይሆናል፤ አምስት ሆናችሁ ስትናገሩ ግን ቀበቶ ይገዛል።

እናንተስ አሠሪዎቹ?

ይህ ጉዳይ የቀን ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት የመሰላት ወይም የመሰለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሳተላይት ዲሽ እንዲሰቅልላችሁ ያመጣችሁት ልጅ፣ የሚያፈሰውን ጣራ እንዲጠግን የጠራችሁት ሙያተኛ ነገ ቢወድቅ ደጃፋችሁ ላይ ነው። “ቶሎ ጨርስልኝ፣ ጨዋታው ሊጀምር ነው” ከማለታችሁ በፊት ቀበቶ ይዞ እንደመጣ ጠይቁት። ካልያዘ ሌላ ቀን ይምጣ።

ከወደቀስ?

እጅና እግሩን ይዛችሁ ሚኒባስ ውስጥ አትወርውሩት። አንገቱና አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ መጎተቱ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። አታንቀሳቅሱት፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ እሳትና አደጋን በ939 ጥሩ። ቀበቶው ይዞት አየር ላይ ከተንጠለጠለም “ተረፈ” ብላችሁ አትቀመጡ። ራሱን ስቶ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ለከባድ አደጋ ይጋለጣል። እንዴት እንደምታወርዱት ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ፤ ማንም ሰው ብቻውን አይውጣ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ምክሩ ያው ምድር ላይ ሳላችሁ የሚፈጸም ነው። ጠፍሩን እጠፉ፣ መንጠቆውን ክችም አድርጉ፣ ገመዱን ከራስ በላይ እሰሩ። ሕንጻው ነገም እዚያው ይቆማል።